አባትና ልጅ የማይገናኙበት ሰርግ

ሰው ሰርግ ሲደግስ የማይጨነቅበት ነገር የለም። ምግቡ እንዳያንስ፣ ዘመድ እንዳይቀየም፣ ሙሽሪት እንዳታረፍድ ይጨነቃል። የሺአረግ ግን የታናሽ እህቷን የሳባን ሰርግ ስታሰናዳ ከሁሉ በላይ የተጨነቀችው ለአንድ ነገር ነበር፤ ከወለዷት አባቷ ጋር በአንድ ፎቶ ውስጥ ላለመግባት! እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ እንዲህ ያለ የሰርግ ዝግጅት የት አገር ተሰምቶ ያውቃል?

የሺአረግን የሚያውቃት ሰው ይህንን ቢነግሩት አያምንም። አረብ አገር፣ ሻርጃ ውስጥ በአንዲት ደግ ማዳም ቤት ልጆቹን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ያሳደገች፣ ስትስቅ ከግቢው በር ላይ የምትሰማ፣ ለተከፋ ሰው ቀልድ የማታጣ ሴት ናት። ማዳም ራሷ ሆድ ሲብሳት ወደ ወጥ ቤት ገብታ «የሺ፣ እስቲ አንድ ነገር በይና አስቂኝ» ትላታለች። ሳባን ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረቻት፣ ከዚያም ዱባይ አምጥታ የአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ እስክትሆን የደከመችላት እሷ ናት። ራሷ ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም፤ ያላየችውን ሁሉ በሳባ በኩል ልታይ ተስፋ ያደረገች ነበረች። ስለዚህ ሳባ ጀበል አሊ በአንድ መጋዘን ቢሮ ከሚሠራው ከጌዲዮን ጋር ልትጋባ መሆኑን የሰማች ዕለት የማዳምን ሳሎን በእልልታ አቀለጠችው። የቤቱ ልጆችም ምን እንደተገኘ ሳያውቁ አብረዋት እልል አሉ።

ሰርጉ መጀመሪያ የታሰበው ለዳግማይ ትንሣኤ ነበር። የሙሽሪት አባት አቶ ወንድይፍራውም ከፍኖተ ሰላም ተነስተው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍረው፣ ሳባ አጅማን ከተከራየቻት ጠባብ አፓርታማ ገቡ። እሳቸው በገቡ በወሩ ያ ክፉ በሽታ ዓለሙን ቆለፈው። አውሮፕላን ቆመ፣ ሆቴል ተዘጋ፣ ሰው ከሰው ሸሸ፤ ሰርጉም ወደማይታወቅ ቀን ተላለፈ። አቶ ወንድይፍራው ግን እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩና ከጎረቤታቸው ከነስሪን የስፌት መኪና ተውሰው ማስክ መስፋት ጀመሩ። ነስሪን የደሴ ልጅ፣ የውበት ሳሎን ሠራተኛ ናት፤ ሳሎኑ ስለተዘጋ እሷም ሥራ ፈትታ ነበር። እሳቸው ይሰፋሉ፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ከሕንፃው ጠባቂ ጀምሮ እስከ ላይኛው ፎቅ ግብጻውያን ድረስ የአቶ ወንድይፍራውን ማስክ ያላጠለቀ ሰው ጠፋ። በረራ ሲከፈት ሳባ «አባዬ፣ አገርህ ልሸኝህ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልፈጽም የት እሄዳለሁ?» አሉ። ሳባ ሰርጓን ማለታቸው መሰላት።

አጅማንና ሻርጃ እንደ ጎረቤት ግቢ የተጠጋጉ ናቸው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ወራት የሺአረግ አባቷን አንድም ቀን ሄዳ አላየቻቸውም። መጀመሪያ ማዳም በሽታውን ፈርታ ከግቢ መውጣት ስለከለከለች ምክንያት አላጣችም። መውጣት ሲፈቀድ ደግሞ «አባትሽ ሽማግሌ ናቸው፤ በሽታ ይዤባቸው ብሄድስ?» አለች። አባትሽ! የሺአረግ «አባዬ» ማለት ካቆመች ሰባት ዓመት ሆኗታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ዘሪቱ ሲያርፉ የሺአረግ እዚሁ ማዳም ቤት ነበረች። በወጋችን መርዶ እንደ ተራ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ባለቤቱን ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። አቶ ወንድይፍራውም «ልጄ በሰው አገር፣ ማን ይዟት ትሰማለች? ለዕረፍት ስትመጣ እኔው እነግራታለሁ» ብለው ዘመዱን ሁሉ፣ ተማሪዋን ሳባን ሳይቀር፣ አስማሉ። የሺአረግ ግን ዘንድሮ እመጣለሁ፣ ለከርሞ እመጣለሁ ስትል ሳይሳካላት ቀረ። ስትደውል እናቷ አንድ ቀን ቤተክርስቲያን ሄደዋል ይባላል፣ አንድ ቀን ተኝተዋል፣ አንድ ቀን ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተዋል። እሷ ለጉልበታቸው ቅባት፣ ለብርዱ ሹራብ ትልካለች፤ «ደርሷታል፣ መርቃሻለች» ይሏታል። እሷም የእናቷ ምርቃት ደረሰኝ ብላ ቀኑን ሙሉ ስታዜም ትውላለች።

ከዚያ ሳባ ተመረቀችና የምርቃቷ ፎቶ በስልክ መጣ። ሳባ ጋዋን ለብሳ መሃል ቆማለች፤ አቶ ወንድይፍራው በቀኟ አሉ፤ በግራዋ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ፎቶ አንሺውን «እዚህ ጋ ለእናትየው ቦታ ተውላት» ያሉት አቶ ወንድይፍራው ራሳቸው ናቸው፤ አንጀታቸው አልችል ብሎ። የሺአረግ ወዲያው ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬስ? የት ሄዳ ነው?»

ሽማግሌው ተደናገጡ። አፋቸው ላይ የመጣውን ተናገሩ። «ፎቶውን ያነሳችው እሷ ናት» አሉ።

ወይዘሮ ዘሪቱ! ካሜራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁት፣ ስልክ ሲጮህ የሚደነግጡት ወይዘሮ ዘሪቱ ፎቶ አንሺ ሆኑ! የሺአረግ «ማልልኝ» አለች። ከወዲያ በኩል ድምፅ አልመጣም... ለካ ለሁለት ዓመት ስትገዛ፣ ስታጣጥፍ፣ ስትልክ የኖረችው ለሌለች እናት ነበር! ያን ጊዜ ማን ያዛት? ማን አይዞሽ አላት? ልጆቹ እንዳይሰሟት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ፣ አፏን በፎጣ አፍና አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ እራት አቀረበች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቋም ቀልዷም አልጎደለም፤ አባቷን ግን ድምፃቸውን ሰምታ አታውቅም።

እንግዲህ ሰርጉ በስተመጨረሻ ለጥር ተቆረጠ። ከአስር ሰው በላይ መሰብሰብ ስለማይፈቀድ ድንኳን የለ፣ ጭፈራ የለ፤ የሚቀረው ፎቶው ብቻ ነበር። ሳባ ሆቴሉ መልሶ ስለጠራት ፋታ አጣችና «እታለም፣ አንቺ እንዳልሽ ይሁን» ብላ ሁሉንም ለእህቷ ተወችላት። ይህን በማለቷ በኋላ ተጸጽታለች።

የሺአረግ ዘካርያስን ቀጠረች። ዘካርያስ በሥራ ቀን ባንክ የሚሠራ፣ በዕረፍቱ የሐበሻን ሰርግ የሚያነሳ፣ ስለ ብርሃን ማውራት ከጀመረ የማያቆም ልጅ ነው። የሺአረግ ልብስ እየተኮሰችም፣ ምንጣፍ እየጠረገችም የድምፅ መልእክት ትልክለታለች። «ስማኝ ዘካርያስ! የማስክ ገመድ ጉንጭ ላይ መስመር ያወጣል፤ ከፎቶው ቀደም ብሎ ያውልቁ፣ ፊታቸው ይረፍ። አበባው መኪና ውስጥ እንዳይጠወልግ በረዶ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ቬሎው ነጭ ነው፣ ከነጭ ግድግዳ ጋር እንዳታገናኝብኝ!» ዘካርያስ ይገርመዋል፤ እንደዚህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አልገባው አለ።

«እትዬ የሺ፣ ይሄ ፕሮግራም ግራ አጋባኝ እኮ» አላት አንድ ቀን። «ረፋድ አጅማን፣ ከሰዓት ሻርጃ፣ ማታ ዱባይ። ዋላሂ ለአንድ ሰርግ ሦስት ከተማ! ደግሞ የአጅማኑ ቤት ብርሃን የሚያገኘው ከሰዓት ነው። ለምን ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ላይ አጅማን ባሕሩ ዳርቻ አይነሳም?»

«ኸላስ፣ በቃ! እንዳልኩህ አድርግ። ረፋድ የአባትየውን ጉልበት ይስማሉ፣ ይመረቃሉ፣ ታነሳለህ። ከዚያ ያላ፣ ቶሎ ብለህ ወደ ሻርጃ፣ ወደ አል መጃዝ ይዘሃቸው ትመጣለህ፤ እኔ ውሃው ዳር እጠብቃችኋለሁ። ማታ ዱባይ እራት። አባትየው እራት ላይ አይኖሩም።»

«ለምን?»

«ሽማግሌ ናቸው፣ ለበሽታው ይጋለጣሉ።»

«አል መጃዝስ?»

«እዚያ ነፋስ አለ፣ ጉንፋን ይይዛቸዋል።»

ዘካርያስ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የሺአረግ ሳትስቅ ስትቀር ደግሞ ነገሩ የምር መሆኑን የማያውቅ የለም። ሽማግሌው በአንድ ከተማ ቆመው፣ ልጃቸው በሌላ ከተማ ቆማ፣ ሙሽሮቹ በመሃል እየተመላለሱ ሊዳሩ ነው! ያ ክፉ በሽታ እንኳ ሰውን ያራራቀው ሁለት ሜትር ነው።

ሰርጉ ሲቃረብ ሳባ ለሰርገኛው የተሰፉትን ማስኮች ይዛ ወደ እህቷ መጣች። ነጭ ናቸው፣ ጠርዛቸው ላይ ቀጭን ጥለት ተሰፍቶባቸዋል። የሺአረግ አንዱን አገላብጣ አየችው፤ ስፌቱ ደቃቅ፣ የተስተካከለ ነው። ልጅ ሳለች የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ላይ ያ ስፌት ነበር፤ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ አንገትጌዋ የማይተረተር የእሷ ብቻ ነበር።

«ማን ሰፋው?» አለች፣ ያላወቀች መስላ።

«ታውቂዋለሽ።»

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሳባ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ዓርብ ማለዳ ቤተክርስቲያኑ ሙሽሮቹንና ሚዜዎቻቸውን ብቻ አስገብቶ ተክሊላቸው ተፈጸመ። ቅዳሜ የፎቶው ቀን ነበር። የሺአረግ ማዳም ከሰጠቻት ሽቶ ተቀብታ፣ አዲስ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ አበባውን ከነበረዶው ይዛ አል መጃዝ ውሃው ዳር ደረሰች። ፀሐዩ ለስላሳ፣ ውሃው የተረጋጋ፣ ሰማዩ የታጠበ ነበር። ሁለት የፊሊፒንስ ሴቶች ቀሚሷን አይተው አብረሽን ተነሺ ብለው ለመኗት፤ ተነሳች። አንድ ሕፃን አበባ ጠየቃት፤ ሰጠችው። እንደዚህ ደስ ብሏት አያውቅም። ዕቅዷ እንደ ሰዓት እየሠራ ነው፤ አሁን ጉልበት ተስሟል፣ አሁን መኪና ውስጥ ገብተዋል፣ አሁን ደርሰዋል እያለች መንገዱን ታያለች። ግን ማንም አልመጣም። ቀትር አለፈ። ጥላው መርዘም ሲጀምር ደወለች።

«ዘካርያስ፣ የት ደረሳችሁ? ብርሃኑ እየሄደ ነው!»

«የትም አልደረስንም። እትዬ የሺ፣ ሙሽኪላ አለ፤ ችግር ተፈጥሯል።»

ዘካርያስ እንደነገራት፣ አቶ ወንድይፍራው ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አስቀምጠው አንደኛው ላይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ላይ ከፍኖተ ሰላም በሻንጣቸው ይዘውት የመጡትን የወይዘሮ ዘሪቱን ነጠላ አጣጥፈው አኑረዋል። ሙሽሮቹ ተንበርክከው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። «ባዶ ቦታ ያለበት ፎቶ አንድ ጊዜ ልኬ ልጅ አጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልነሳም። ሳባን ያሳደገቻት ትምጣና በእናትየዋ ቦታ ትቀመጥ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሚዜው ለመናቸው፣ ጌዲዮን ለመናቸው፣ ነስሪን ሻይ አፍልታ ለመነቻቸው። ሻዩን ጠጡ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሱም።

«ሰርጓን ሊያበላሹ ነው!» ብላ ጮኸች የሺአረግ። ውሃው ዳር የተቀመጡ ሰዎች ዞረው አዩዋት። «ይኸው ነው! ሁልጊዜ እሳቸው ያሉት ብቻ! ሳባን አቅርብልኝ።»

ሳባ ስልኩን ተቀበለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እታለም» አለች ቀስ ብላ፣ «ሳልመረቅ ከዚህ ቤት አልወጣም። አንቺ ካልተቀመጥሽ የማንን ጉልበት እስማለሁ?»

እውነት ነው! ጡት አላጠባቻትም እንጂ ሳባን እንደ እናት ያሳደገቻት ማን ነው? ስንት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ወለል ላይ የተንበረከከችበት ጉልበቷ የሚሳመው ዛሬ አይደለም እንዴ? ከአባቷ ለመሸሽ ስትል ያንን ወንበር በገዛ እጇ ከዕቅዱ አውጥታ ጥላው ነበር። የሺአረግ አበባውን አነሳችና ታክሲ ፍለጋ ሮጠች።

በመንገድ ላይ የምትናገረውን አዘጋጀች። «የመጣሁት ለሳባ ስል ነው። እቀመጣለሁ፣ ፎቶው ይነሳል፣ እወጣለሁ» ልትላቸው ነው። ደጋግማ አጠናችው። ሆኖም እንባዋ ሳታስበው ይወርድ ነበርና ማስኳ ሲርስ አወለቀችው፤ ሾፌሩ በመስታወት አይቶ ያለ ማስክ አይሆንም ሲላት ቦርሳዋን ከፍታ ያገኘችው ያችኑ ባለ ጥለቷን ነው። ምን ታድርግ? አጠለቀቻት። የአባቷን ስፌት ፊቷ ላይ አድርጋ አጅማን ገባች።

የቤቱ በር ክፍት ነበር። ሁሉም ማስካቸውን እንዳደረጉ ቆመዋል፤ ዘካርያስ ካሜራውን አዘጋጅቶ ጥግ ይዟል። የሺአረግ ያጠናችውን ልትናገር አፏን ስትከፍት አቶ ወንድይፍራው ከወንበራቸው ተነሱ። አባት ለልጁ ሲነሳ! ያ ቁመተ ረጅም፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ አባቷ የት ሄደ? ከፊቷ የቆሙት ኮታቸው የሰፋባቸው ትንሽዬ ሽማግሌ ናቸው። የተሸመደደው ንግግር ከጭንቅላቷ ጠፋ።

«አትቀመጪ፣ የሺ» አሉ። «ነስሪን፣ ልጄ፣ ነይ በቀኟ ቁሚ። ጌዲዮን፣ አንተ በግራዋ። ጠበቅ አድርጋችሁ ያዟት።»

የአገራችን ሰው ግራና ቀኙን ሲያዝ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። የሺአረግም አወቀች። አቶ ወንድይፍራው ማስካቸውን አወለቁ።

«የሺአረግ ልጄ... እናትሽ አርፋለች። ዘሪቱ አርፋለች። ስምሽን እየጠራች ነው ያረፈችው። ሰው በሌለበት እንዳትሰሚው ብዬ ደበቅሁሽ... ሰው በሌለበት ሰማሽው። ይህንን ልነግርሽ ነው የመጣሁት እንጂ ሰርግ አይደለም ያመጣኝ። ይቅር በይኝ።»

ታውቀው የለም ወይ? ድሮ ያወቀችው፣ ያለቀሰችው፣ የጨረሰችው ነገር አይደለም ወይ? እንግዲያ ለምን ገና አሁን የሞተች ያህል አንጀቷ ተቆረጠ? «እማዬን! እማዬን!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ያን ጊዜ በፎጣ የታፈነው ጩኸት ነበር። ነስሪንና ጌዲዮን ባይዟት ወለሉ ላይ ትወድቅ ነበር። ሳባ ከነቬሎዋ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሚዜዎቹ አለቀሱ። ዘካርያስ ካሜራውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ አንድም ፎቶ አላነሳም። አቶ ወንድይፍራው የሚስታቸውን ነጠላ ከወንበሩ አንስተው፣ እንደ ለቅሶ ወግ ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቀው የልጃቸው ትከሻ ላይ ጣሉላት፤ ከዚያ እሷን አቅፈው እሳቸውም እንደ ሕፃን አለቀሱ። «አባዬ» አለች የሺአረግ ደረታቸው ውስጥ ሆና። «አባዬ... ሹራቦቹስ?» «ሁሉንም አስቀምጬልሻለሁ» አሉ።

ዋይታው ከፎቅ ፎቅ ተሰማ። በዚያ ዘመን ጩኸት ሲሰማ ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነበርና የሕንፃው ጠባቂ እየሮጠ መጣ፤ ከኋላው የላይኛው ፎቅ ግብጻውያን በአቶ ወንድይፍራው ማስክ ተሸፋፍነው ቆሙ። ነስሪን በር ላይ ወጣች።

«ማን ሞተ?» አላት ጠባቂው በአረብኛ።

«ማንም አልሞተም፣ ሙሽኪላ የለም። ሰርግ ነው!»

ጠባቂው ወደ ውስጥ አሻግሮ አየ። ሙሽሪት ታለቅሳለች፣ ሙሽራው ያለቅሳል፣ ሽማግሌው ያለቅሳሉ። ወደ ሙሽራው አመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን ያህል መጥፎ ሰው ነው?» አላት።

ነስሪን ሳቋ አመለጣት። የነገራትን ለቤቱ ስትተረጉም መጀመሪያ የሳቀችው የሺአረግ ናት፤ እንባዋ ገና ሳይደርቅ፣ ያ ከግቢ በር ላይ የሚሰማው ሳቋ ቤቱን ሞላው። ተከትለው ሁሉም ሳቁ። ጌዲዮን «ገና ሳልገባ ስሜ ጠፋ!» አለ። ነስሪን ዞር ብላ ሳባን አየችና እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! ከሌሊት ጀምሮ የደከምኩበት ፊት! እዩት፣ እስከ አገጯ ወርዶ የለም እንዴ!» የራሷም ኩል ጉንጯ ላይ መንገድ ሠርቶ እንደነበር ግን አላወቀችም።

በዚህ መሃል ፀሐይ ወደ ባሕሩ አዘንብላ የሳባን መስኮት አገኘችው። ዘካርያስ ዞር ሲል ሳሎኑ በሙሉ ወርቅ መስሏል። «እትዬ የሺ! ብዬሽ አልነበር? የዚህ ቤት ብርሃን ከሰዓት ነው!» እያለ ካሜራውን ከምንጣፉ ላይ አነሳ። ነስሪን ፊቶቹን እንደገና ልታሳምር ቀለሟን ስትፈልግ ሳባ ከለከለቻት። ብርሃኑ አይጠብቅም፤ ደግሞስ ማን ፊት አለው ዛሬ?

ዘካርያስ ለበሽታው ጥንቃቄ ብሎ ሁለቱን ወንበሮች ሊያራርቅ ጀመረ። «ተዋቸው» አሉ አቶ ወንድይፍራው። የሺአረግን በእናቷ ቦታ አስቀመጧት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ዕድሜ ልክ ጨርቅ በገራ እጃቸው፣ የዘቀዘቁትን ነጠላ አንስተው አዞሩት፤ ጥለቱ ወደ ታች፣ እንደ ደስታ ቀን ሆነ። «አሁን የሰርግ ሆነ» አሉና ወንበራቸውን ስበው ትከሻዋ እስኪነካቸው ተጠጉ።

ሳባና ጌዲዮን ተንበረከኩ። የአባታቸውን ጉልበት ሳሙ፤ ከዚያ የየሺአረግን። ሳባ ግንባሯን የእህቷ ጉልበት ላይ አስደግፋ ለረጅም ጊዜ ቆየች። የሺአረግ የእህቷን ራስ ትዳብስ ጀመር፤ አቶ ወንድይፍራው «ውለዱ፣ ክበዱ፣ አትራራቁ» ሲሉ እሷ «አሜን» አለች። «አንሳን እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው ለዘካርያስ። «ቦታ እንዳትተው።»

አል መጃዝ ሳይሄዱ ቀሩ። ዱባይ እራቱ ላይ አርፍደው፣ ዓይናቸው አብጦ፣ አቶ ወንድይፍራውን መሃል አስቀምጠው ደረሱ። እሳቸውም ከሁሉ በላይ በሉ።

በማግስቱ የሺአረግ የእናቷን ነጠላ ይዛ ማዳም ቤት ስትመለስ ማዳም ፎቶውን በስልክ አይታ «ይሄ ሰርግ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። የሺአረግም «አዎ ማዳም፣ የእኛ ሰርግ እንደዚህ ነው» አለቻትና ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ አጅማን ሄዳ ከአባቷ ጋር ምሳ ትበላ ጀመር። እሳቸው ስለ እናቷ ይነግሯታል፤ ያመለጧትን ዓመታት አንድ በአንድ ያወሩላታል። በፋሲካ ሰሞን አገራቸው ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘቻቸው እሷ ናት፤ «አሁንማ መጥተህ ልታስጨንቀን እንዳትል!» ብላ እየቀለደችባቸው።

ዕጣ ፈንታ ግን ለማን ታዝናለች? በተከታዩ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ ማለዳ፣ የማዳም ግቢ በር ተንኳኳ። የሺአረግ ከፈተች። ሳባ ቆማለች፣ የሰባት ወር እርጉዝ። ጌዲዮን አለ። ነስሪን አለች። ዘካርያስ ያለ ካሜራው መጥቷል። ማዳም ሳትቀር አስቀድሞ ተነግሯት ኖሮ ከኋላዋ በባዶ እግሯ ወጥታ ቆመች። የሺአረግ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ማንም አፉን ሳይከፍት ነስሪን በቀኟ፣ ጌዲዮን በግራዋ መጥተው ክንዷን ያዙ።

«አባዬ ነው?» አለች።

ሳባ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። የሺአረግ ጮኸች፤ ማዳምም ወገቧን አቅፋ አብራት አለቀሰች፤ በዚያ ማለዳ ቧንቧ የከፈተ፣ አፍ ያፈነ ማንም አልነበረም።

ያ ፎቶ ዛሬ ሳባና ጌዲዮን በኋላ በገቡበት ቤት፣ አል መጃዝ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ሁሉ ዕቅድ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። የሙሽሪት ኩል ወርዷል፣ የሙሽራው ክራቫት ተጣሟል፣ የሁሉም ዓይን አብጧል። መሃል ላይ አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ጠባቂው ያለውን አስታውሰው ይስቃሉ። እንግዳ መጥቶ «ምነው ሁላችሁም አለቀሳችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የምትመልሰው የሺአረግ ናት፤ የሳባን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሽማግሌውን በጣቷ እያሳየች፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች።